ፊቴን ታጥቤ አዝናለሁ

በቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ለተኛሽው ለእናቴ፣

እማዬ፣ ከተለየሽን ዘጠኝ ወር ሆነ። ስትሄጂ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነበር። ታጨደ፣ ተወቃ፣ ጎተራ ገባ፣ እኩሌታውም ተበላ። አሁን ደመናው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል መሰብሰብ ጀምሯል። አባባም ሞፈሩን አውርዶ እያገላበጠ ያያል። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል አልጻፍኩልሽም። መጻፍ እንደምችል ታውቂያለሽ። መሠረተ ትምህርት የገባሁ ሰሞን፣ ዓይንሽ ወረቀቱን አላይ ቢልሽ፣ ስምሽን በጣቴ መዳፍሽ ላይ ጽፌልሽ ነበር። መዳፍሽን ጨብጠሽ ስትስቂ አሁንም ይታየኛል። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ምን እንደምልሽ ስላልቆረጥኩ ነው። አሁን ቆርጫለሁ።

የሚያሙኝን ሰምተሽ ከሆነ እውነት ነው። በሐዘንሽ ላይ ፊቴን ታጥቤያለሁ። ትንሿን እህቴን የሺንም አጥቤያታለሁ። የውሃ ቅልሽን በስቻለሁ። የቤትሽን ግድግዳ ቀድጃለሁ። ሰው ሲያማኝ እንዲህ ነው ሲል፣ አዎ እንዲህ ነው። ደግሞም አላቆምም።

የአገራችንን ሐዘን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። አያቴ የሞቱ ጊዜ እስከ ሙት ዓመታቸው ድረስ ነጠላሽን ውሃ አላስነካሽውም። ፀጉርሽ ቅቤ አላየም። ፊትሽ ላይ የእንባሽ መውረጃ መስመር ሠርቶ ነበር፤ ምንጭ የሚወርዱ ሴቶችም ያንን እያዩ እናቷን የምትወድ ልጅ ይሉሽ ነበር። ለሟች መቆሸሽ እንደ ፍቅር ነው የሚቆጠረው። ፊቱን የታጠበ ሐዘኑን ጨርሷል ይባላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው። እንደ ሰው አለቅስልሽ፣ እንደ ሰው እቆሽሽልሽ ነበር። የሺ ባትኖር ኖሮ።

የሺን ስትተያት ጡት ከጣለች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። የቀብርሽ ሳምንት አንድ ጠዋት ዓይኗ በዓይናር ተጣብቆ ተነሣች። መክፈት አቃታት። እጇን ዘርግታ እማዬ፣ እማዬ እያለች ቤት ውስጥ ስትንደፋደፍ ቆይታ ምሰሶውን አገኘችና አቀፈችው። ለማስተዛዘን የመጡት ሴቶች ሁሉ እንደ አዲስ ዋይ አሉ። እኔ ብቻ አላለቀስኩም። ምሰሶውን አቅፋ ሳያት አንቺን ነው ያየሁት። አንቺም እኮ ወደ መጨረሻው ከአልጋሽ ስትነሺ መጀመሪያ የምትፈልጊው ያንን ምሰሶ ነበር።

ወረንጦው ትዝ ይልሻል? እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደጃፍ ላይ ተቀምጠሽ ራስሽን ጉልበቴ ላይ ታደርጊና፣ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይንሽን የሚወጋሽን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ እነቅልልሽ ነበር። እንዳላሳምምሽ ስፈራ አይዞሽ ትዪኛለሽ። የሚያምሽ አንቺ፣ የምታጽናኚው እኔን። ከተነቀለ በኋላ ለጥቂት ቀን ዕረፍት ታገኚያለሽ፤ ከዚያ እንደ ቆንጥር እሾህ ተመልሶ ይበቅላል። የዓይንሽ ብሌን ቀስ በቀስ ወተት መሰለ። መስከረም ላይ፣ መንገዱ ገና በጭቃ ሳለ፣ እንስራሽን አዝለሽ ብቻሽን ከምንጩ ስትመለሺ ገደሉ አፍ ላይ ያለችው ጠባብ መንገድ ጠፋችሽ። ሰው ቀኗ ደርሶ ነው አለ። እኔ ግን የገደለሽ ዓይንሽ እንደሆነ አውቃለሁ።

ያንን የሚያስጀምረውን ነገር ደግሞ ሰምቼው ነበር። ከደሴ መጥታ ያስተማረችን ልጅ፣ ያቺ ቀጭኗ፣ አንድ ቀን ፊደሉን ትታ ስለ ዓይን ማዝ ነገረችን። ዝንብ ከአንዱ ልጅ ዓይን ተነሥቶ የሌላው ዓይን ላይ ሲያርፍ፣ እናት በአንዲት የነጠላ ጫፍ የልጆቿን ሁሉ ፊት ስትጠርግ በሽታው እንደሚዛመት፣ በልጅነት የጀመረው ደግሞ እየደጋገመ ቆይቶ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ እንደሚያጥፈው አስረዳችን። ከዝንብ መራቅ፣ ፊትን በየቀኑ መታጠብ፣ ከብቱን ከሰው መለየት፣ ለቤቱ ጭስ ማውጫ መክፈት። ሌሎቹ ይስቁ ነበር። እኔ ከኋላ ተቀምጬ አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ አንዴ ከታጠፈ በኋላስ? እጄን ግን አላነሣሁም። ሰው ፊት ድምፄ እንደሚጠፋ ታውቂ የለ።

ስለዚህ የሺ ምሰሶውን ያቀፈች ቀን ተነሥቼ ውሃ ፈለግሁ። ውሃ ደግሞ እንዴት እንደሚመጣ ለአንቺ አይጠፋሽም። ያንን ዳገት ወጥተሽ ያመጣሽውን ውሃ ለፊት ማፍሰስ ብክነት ነው፤ በእንስራ እያንጋለሉ ቢታጠቡበት ለወጥም አይተርፍ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ የውሃ ቅልሽን አነሣሁ፤ ያንን አንገተ ረጅሙን። ወስፌ በእሳት አግዬ ግርጌውን ወጋሁት። ቀዳዳውን በእሾህ ወተፍኩት። ደጃፍ ካለው ወይራ ላይ በጠፍር አንጠለጠልኩት። እሾሁን ስስበው ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል፤ በአንድ ጣሳ ውሃ ሁለታችንም ፊታችንን እንታጠባለን። የሺ መጀመሪያ ጮኸች፣ ቆይታ ለመደችው፣ አሁን እኔን ትቀድመኛለች። የየራሳችን መጥረጊያ ጨርቅም አለን። የእሷ ጥለቱ አረንጓዴ ነው፤ ከአሮጌው ቀሚስሽ ነው የቀደድኩት። ይህንንም ልንገርሽ፤ ቀሚስሽንም ቀድጄዋለሁ።

ምንጭ ላይ መሳቂያ ሆንኩ። የደጊቱ ቅል ይሸናል አሉ። ቅልሽ ዛሬ ሸና ወይ? እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ እንስራዬን ሞልቼ እወጣለሁ። ያ ሁሉ ግን ምንም አልነበረም፤ የባሰው እቴቴ ዘርፌ ነበሩ።

እህትሽ እንዴት እንደሚወዱሽ ታውቂያለሽ። መርዶውን ሰምተው ከኮን በእግራቸው መጡ፤ ሲደርሱ ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር። እስከ አርባሽ እቀመጣለሁ አሉ። ቅሉን ያዩ ቀን ግን ከሐዘናቸው ቁጣቸው በለጠ። የእናቷ አፈር ሳይደርቅ ትሽሞነሞናለች አሉ፣ እኔ እየሰማሁ ለጎረቤት። ለማን ልትታይ ነው አሉ። የእህቴን ቅል ወጋችው ብለው እንደ ሰው ቁስል ደባበሱት። ቅሉን አውርደው ማድጋ ቤት ወሰዱት፤ እኔ በማግሥቱ መልሼ ሰቀልኩት። እንደገና አወረዱት። እንደገና ሰቀልኩት። አንድም ቀን አልመለስኩላቸውም፤ ቀና ብዬም አላየኋቸውም። ብቻ እሰቅለዋለሁ።

በመጨረሻ ንስሐ አባታችንን ይገሥጹልኝ ብለው አስጠሩ። አባ መጡ። ቅሉ ሥር ቆሙ። እሾሁን ሳብ አደረጉና ጣታቸውን አራሱ፣ መልሰው ወተፉት። ከዚያ ተቀምጠው ጠላቸውን ከጠጡ በኋላ፣ ከተማርኩት ውስጥ ሐዘንተኛ ፊቱን አይታጠብ የሚል አላገኘሁም አሉ፤ የአገሩን ልማድ ግን የጀመርኩት እኔ አይደለሁም፣ እኔም አላፈርሰውም አሉ። ሁላችንንም ባርከው ሄዱ። እቴቴ ዘርፌ፣ አባ አረጁ ብለው ለብቻቸው አጉረመረሙ።

ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ነገር የተነሣው። የሺን ከተዝካሩ ማግሥት ወደ ኮን እወስዳታለሁ አሉ። እናት የሌላት ልጅ ናት፣ እኔ ደግሞ ልጅ የለኝም አሉ። ይህች ግን ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ፣ በውሃ እያቀዘቀዘች ትገድላታለች። አባባ አልመለሰም። አባባን ታውቂዋለሽ፤ አንቺ ስትሞቺ በገዛ ቤቱ ውስጥ እንኳ የት እንደሚቀመጥ ጠፍቶት ነበር። ዝምታውን እሺታ አድርገው ያዙት። የሺን ማቀፍ፣ የኮንን ገበያ መንገር፣ ቆሎ መቁላት ጀመሩ። ትወዳቸዋለች፤ ለምን አትወዳቸው? ፊቷን ግን አያጥቧትም። ዓይናሯን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉላታል፤ በዚያው ጫፍ ደግሞ የራሳቸውን ዓይን።

እኔ እንቅልፍ አጣሁ እማዬ። አንቺ የተወለድሽበት ቤት ነው የምትሄደው፤ እንደ አንቺ ትታቀፋለች፣ እንደ አንቺ ትወደዳለች፣ እንደ አንቺ ዓይኗ ይጠፋል።

ተዝካርሽ ትንሽ ነበር። እህል አታባክኑ ብሎ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበርና ዳሱም ጠባብ፣ ጠላውም ቀጭን ሆነ። ቄሶቹ ፍትሐት አድርሰው፣ ሰው በልቶ፣ ወሬ ሲጀመር እቴቴ ዘርፌ ተነሡ። ለሰዉ ሁሉ እየዞሩ ነገሩ። እህቴን ቀበርኩ፣ ልጇን ግን አልቀብርም አሉ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነት ነው፣ አክስት እናት ናት የሚል ድምፅ ከዚህም ከዚያም ተሰማ። አባባ መሬት መሬት እያየ ምን ልበል፣ እህቷ ናት አለ።

እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ ጠላ እየቀዳሁ ነበር። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጥኩት። ቤት ገባሁ። ወረንጦውን የምታስቀምጪበትን የግድግዳ ስንጥቅ በእጄ ፈለግሁና አወጣሁት። ተመልሼ በሰው መሐል አለፍኩ። እንዴት እንዳለፍኩ አላውቅም፤ እግሬ የሌላ ሰው እግር ነበር የሚመስለው። ወረንጦውን እቴቴ ዘርፌ ጭን ላይ አደረግሁት።

«እቴቴ፣ የሺን ይውሰዷት። ይህንንም አብረው ይያዙላት። ስታድግ ያስፈልጋታል። ወልዳ ልጇ እስክትደርስላት ድረስ ግን ማን እንደሚነቅልላት አላውቅም።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ድምፄ ያን ያህል ይወጣል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠበቅኩም። እቴቴ ዘርፌ ወረንጦውን አዩት። ዓይናቸው እንደ ዓይንሽ ነው እማዬ፤ ጠርዙ ቀይ፣ ሁልጊዜ የሚያነባ። የእሳቸውን ማንም አይነቅልላቸውም፤ ልጅ የላቸውም። ያንን እያወቅኩ ነው የተናገርኩት። ጭካኔ ነበር። ሌላ መንገድ ቢኖረኝ ኖሮ እሱን እመርጥ ነበር፤ አልነበረኝም።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ምላስ ማን ሰጠሽ?» አሉኝ፣ በጣም ቀስ ብለው።

የመለሰላቸው አባባ ነው። ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ ቀና ብሎ፣ «ልጆቼ ከቤቴ አይወጡም፤ ይተዋት» አለ። ከሞትሽ ወዲህ በሰው ፊት የተናገረው ረጅሙ ነገር ያ ነው።

በማግሥቱ ገና ጤዛው ሳይረግፍ ሄዱ። የሺን ስመው አለቀሱ፣ እኔን ዘለሉኝ። ወረንጦውን ይዘውት ሄደዋል። አላስመለስኩትም።

እንግዲህ ይህን ያህል ታግዬ ካስቀረኋት፣ ቤቱን እንደነበረ ትቼ በዝንብና በጭስ መሐል ላሳድጋት ነው? አንቺ ስትስዪ የምትተኚበት ጥግ ቀን እንኳ መብራት የሚያስፈልገው ጨለማ ነበር። ጭሱ የሚወጣው በሣሩ ክዳን እየሾለከ ነው። መዶሻና መሮ አንሥቼ ግድግዳውን መቆርቆር ጀመርኩ። ነፋስ ይገባል፣ ምች ይገባል፣ ሌባ ይገባል ብለው ያላሉኝ ነገር የለም። አባባ ከማሳ ሲመለስ በአቧራ ነጭ ሆኜ አገኘኝ። መዶሻውን ከእጄ ወሰደው። አለቀልኝ አልኩ። እሱ ግን ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ፣ ጆሮውን አስጠግቶ በመዶሻው መታ መታ አደረገ፣ ይህን ድንጋይ ብትነኪው ኖሮ ክዳኑ ራሳችን ላይ ይወርድ ነበር አለኝ። ከዚያ ወደ ግራ አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ ብሎ ራሱ መታው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ አንቺ ትተኚበት በነበረው መደብ ላይ ገባች። እሱ መደቡን ትንሽ አይቶ ወጣ። ፊቱን እንዳላየው ነው የወጣው፤ እኔም አልተከተልኩትም።

ከብቱን ማውጣት ከዚያ የከበደ ሆነ። ከሥራችን ባለው ምድር ቤት ከኖሩ ስንት ዘመናቸው፤ ሙቀታቸው ወደ ላይ ወጥቶ ያሞቀን ነበር፣ ዝንባቸውም ጭምር። በድንጋይ ክብ ካብ ሠርቼ አውጥቼ አሳደርኳቸው፤ ክዳን ሳይኖረው። የኅዳርን ውርጭ ዘንግቼ። የላስታ ልጅ ሆኜ ውርጭ ዘነጋሁ ብልሽ ማን ያምነኛል? ጠዋት ስንወጣ ግልገሏ በግ ደርቃ ተገኘች። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ምንጭ ደረሰ። የደጊቱ በግ ፊቷን ስትታጠብ በርዷት ሞተች አሉ። ያን ቀን አለቀስኩ፤ ዕንባዬ ለበጓ ይሁን ለሳቁ አላውቅም። ከብቶቹን ግን አልመለስኩም። አባባ ዋልታና ሣር አመጣ፤ ካቡን ከፍ አድርገን ከደንነው፣ አፉን ከነፋሱ አዞርነው። ከዚያ ወዲህ አንድም አልሞተብንም። ምድር ቤቱን በአመድና በጭቃ ለቅልቄው አሁን እህል ይቀመጥበታል። ዝንብ አልጠፋም፤ ቀንሷል ግን።

መጸዳጃ ጉድጓዱንስ? ማኅበሩ በግድ ያስቆፈረን ጊዜ እንደ ሰዉ ሁሉ አባባም ቆፍሮ፣ ጎጆ ቀልሶለት፣ እርፍና ቀንበሩን አስገብቶበት እንደነበር ታስታውሺያለሽ። ቀንበሩን አወጣሁት። አባባ መጀመሪያ አፈረ፤ ሜዳ ሲወጣ እያየሁ እንዳላየሁ ሆንኩ። አሁን ይሄዳል። በየካቲት ሊቀመንበሩ ከወረዳ ሰው ጋር ሊያሳይ መጥቶ በራሱ እጅ በሩን ከፈተና አፍንጫውን ይዞ ወጣ። ግራ ገብቶት አየን። የሌላው ሰው መጸዳጃ ሁሉ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ገለባ ገለባ ነው የሚሸተው።

እቴቴ ዘርፌ ለፋሲካ መጡ። መጥተው ከእኔ ጋር አልተነጋገሩም። ከምሳ በኋላ ደጃፍ ላይ ወጥቼ ተቀምጬ ሳለ ቀስ ብለው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከመቀነታቸው ወረንጦውን ፈቱና ሰጡኝ። ራሳቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ። ነቀልኩላቸው። እንደ አንቺ አይዞሽ አላሉኝም፤ እኔ ነኝ አይዞዎት ያልኳቸው። ስጨርስ ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡ። ከቅሉ ግን አልታጠቡም። የሺ እሾሁን ስባ ይታጠቡ ብትላቸው እሱን ለእህትሽ አሏት። ይሁን። እኔም ግትር ነኝ፣ ከማን እንደወረስኩት አሁን ገባኝ።

አንቺስ ምን ትዪ ነበር? ብዙ አስቤበታለሁ። ሰው የሚነግረኝ ትቀየምሻለች እያለ ነው፤ ሙት ይቀየማል ይላሉ። ምናልባት እውነታቸውን ነው። አንቺም ቅልሽን ስታዪ ክው ትዪ ይሆናል፣ እናቴ በሞተች ዓመት እኔ እንዲህ አላደረግሁም ትዪኝ ይሆናል። ከተቀየምሽ ተቀየሚኝ እማዬ። ቂምሽን እችለዋለሁ። የማልችለው አንድ ነገር ነው፤ እሱን ልንገርሽ።

ያን ዓመት ለገና ላሊበላ የወሰድሽኝ ጊዜ፣ ቤተ ማርያም ጥግ ከፍ ካለው ድንጋይ ላይ ሰው ተጨናንቆ ተቀምጠን ነበር። ካህናቱ ከላይ ከገደሉ ጫፍ፣ ሌሎቹ ከሥር ከጉድጓዱ ሆነው እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። አንቺ ክንዴን ይዘሽ፣ ነጭ ነጭ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ንገሪኝ አልሽኝ። ነገርኩሽ። የጥላዎቹን ቀለም፣ የጽናጽሉን ብልጭታ፣ ከገደሉ ጫፍ የአንዱን ሽማግሌ እግር ውጭ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ። እኔ ከሰው ጋር የማልናገረው ልጅ፣ ለአንቺ ስነግርሽ አፌ አያርፍም ነበር። ጥሩ አድርገሽ ትነግሪያለሽ አልሽኝ። ያኔ ደስ አለኝ። ከአንቺ የሰማሁት ትልቁ ምስጋና ያ ነበርና ስንት ጊዜ ለራሴ ደገምኩት።

አሁን ሳስበው ያናድደኛል። በአንቺ አይደለም። ለምን እኔ እንድነግርሽ ሆነ? ለምን አንቺው አላየሽውም? ለየሺ መንገር አልፈልግም። ክንዴን ይዛ ንገሪኝ እንድትለኝ አልፈልግም። የማልችለው እሱን ነው። ለዚህ ብዬ የአገሩ ሰው ሁሉ ቢያኮርፈኝ ያኩርፈኝ፤ ቅሉም ይሽና፣ በጓም ትሙት።

መስከረም ሲገባ ሙት ዓመትሽ ነው። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት እንኳ ፊትሽን ተይው፣ ሰው አፉን ይያዝ ብለው ጎረቤቶች መክረውኛል። አልተውም። ፊቴን ታጥቤ፣ የሺን ፀጉሯን ቅቤ ቀብቼ፣ የአንቺን ነጠላ አጥቤ ለብሼው ነው መቃብርሽ ላይ የምመጣው። በእድፌ የሚለካኝ ይለካኝ። ቆሽሼ ካላሳየኋቸው አላዘነችም የሚሉ ከሆነ፣ ማዘኔን ለእነሱ ማሳየት አቁሜያለሁ። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ባታውቂውም እኔ አውቀዋለሁ።

ዛሬ አባባ ፍላቂት ገበያ ወርዶ ነበር። ወደ ማታ ላይ ከየሺ ጋር የደጁ ካብ ላይ ተቀምጠን መንገድ መንገድ እናያለን። አባባ መጣ አለች። አየሁ፤ ሸንተረሩ ላይ ከጠጠር የማይበልጥ ነገር ነበር የሚንቀሳቀሰው፣ ሰው ይሁን ድንጋይ ይሁን አልለየሁትም። አይደለም አልኳት። ነው፣ አህያችን ታነክሳለች፣ አባባ ጭነቱን ራሱ ተሸክሞላታል አለች። ተከራከርኳት። ጠጠሯ ቀስ በቀስ አባባ ሆነች። አህያዋ የኋላ እግሯን እያነከሰች፣ አባባ ጨውና ጆንያውን በራሱ ትከሻ ላይ አድርጎ፣ ላቡ እየወረደ ደረሰ። የሺ ወርዳ ሮጠች፣ አንዴም ሳትደናቀፍ፣ በዚያ ድንጋያማ ቁልቁለት።

እኔ ካቡ ላይ ቀረሁ። ከቀብርሽ ቀን ጀምሮ ይዤው የነበረው ለቅሶ ያኔ መጣ፤ ማንም ሳያየኝ እስኪወጣልኝ አለቀስኩልሽ።

እማዬ፣ አልረሳሽም። ይህች ልጅ ሩቅ ባየች ቁጥር፣ መርፌ ላይ ክር ራሷ ባስገባች ቁጥር፣ አንድ ቀንም ቤተ ማርያም ጥግ ተቀምጣ እኔ ዝም ባልኩበት የጥላዎቹን ቀለም ራሷ ባየች ጊዜ፣ አንቺን አስታውስሻለሁ። ያን ቀን ዝም እላለሁ፤ ቃሌ ነው።

ልጅሽ ደጊቱ